አሎሎ ወርዋሪን ለማክሳት ሌት ተቀን ለደከሙት መምህራችን

ለተከበሩ መምህር ሠረቀብርሃን
የስፖርት መምህር፣ የጤና ክበብ ሰብሳቢ፣ የጠዋት ሰልፍ መካሪ እና የሌላ ሰው ኪሎ ተቆጣጣሪ
ዲላ

ክቡር መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ትዳርዎ፣ ልጆችዎ፣ ደግሞም ሁልጊዜ ከእርስዎ ቀድሞ ክፍል የሚገባው ሆድዎ ደኅና ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ዛሬ ቁርሴን ቆጮ በአቮካዶ ስለበላሁ፣ በእርስዎ ትምህርት መሠረት ይህ ደብዳቤ ሳያልቅ በበር ማለፍ የሚያቅተኝ ሰው እሆናለሁና ጣቶቼ ሳያብጡ ቶሎ ብዬ ልጻፍ።

ስሜ ምናልባት ከጠፋዎት ናፍቆት እባላለሁ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው በሰልፍ ላይ «አንቺ የሚሮጠው አፍሽ ብቻ ነው» ብለው በማይክራፎን ለመላው ትምህርት ቤት ያስተዋወቁኝ እኔ ነኝ። ልክ ነበሩ፤ እነሆ ዛሬ ሲሮጥ ያዩታል።

ይህን ደብዳቤ ማክሰኞ ጠዋት በእጅዎ እሰጥዎታለሁ። እስከ ሐሙስ ማታ መልካም መልስ ካገኘሁ ቀድጄ እጥለዋለሁ፣ ሁለታችንም እንረሳዋለን። ካላገኘሁ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ እና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ይወጣል። እንግዲህ የተከበርክ አንባቢ፣ አሁን ሰሌዳው ፊት ቆመህ እያነበብከው ከሆነ መምህራችን ምን ብለው እንደመለሱ አንተው ገምት።

ደብዳቤው ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ጓደኛዬ ስለ ትንቢት ነው። ትንቢት የወናጎ ገበሬ ልጅ ናት። ወላጆቿ እዚያው ቡናቸውና እንሰታቸው ዘንድ ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ብላ ዲላ መጥታ ከአክስቷ ከእትዬ ጸሐይ ጋር ትኖራለች። አሎሎ ትወረውራለች። ባለፈው ዓመት በዞኑ የተማሪዎች ውድድር ለዲላ ከተማ ቡድን ወርውራ አንደኛ ወጥታለች። ዘንድሮም ካሸነፈች ወደ ክልሉ ውድድር ታልፋለች፤ እዚያ ደግሞ የስፖርት ማሠልጠኛ መልማዮች መጥተው ልጆች ይመርጣሉ። ትንቢት ዓይኗን ከጨፈነችም ከገለጠችም የምታየው እዚያ መመረጥን ብቻ ነው። ውድድሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው። እርስዎ የቡድኑ አሠልጣኝ ሆነው ስሟን ሰርዘዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፦ አትሌት የተባለ ሁሉ ቀጭን መሆን እንዳለበት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ይህ ትምህርት በሌላ አገር የሚገኝ አይመስለኝም። በእኛ አገር ስፖርት ማለት ሩጫ ነው፤ ሩጫ ማለት ረጅም ርቀት ነው፤ ረጅም ርቀት ማለት ደግሞ ጉንጩ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ነው። እርስዎም በዚህ መንፈስ ትንቢት ስትወረውር ቆመው ሲያዩ፣ ብረቱ የት እንዳረፈ ትተው ክንዷን አዩ። «ይቺ ልጅ በዚህ ሰውነቷ እንዴት ነው የምታሸንፈው? መጀመሪያ እናክሳት!» አሉ። ክቡር መምህር፣ በዚህ ሰውነቷ እኮ ነው አሸንፋ የመጣችው! ሲኖትራክ አሸዋ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አይቶ «ጎማው ወፍሯል» ብሎ የባጃጅ ጎማ የሚገጥምለት መካኒክ ቢኖር ሰው ሥራ ፈትቶ ይስቅበታል። እርስዎን ግን አሠልጣኝ አደረግንዎት። የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለጊዜው እንለፈው።

ሁለተኛ፦ ስለ ፌስታሉ እናመሰግናለን። «ላብ ማለት የቀለጠ ስብ ነው» ብለው በሰልፍ ላይ ካወጁ በኋላ፣ ትንቢትን ከጃኬቷ ሥር ትልቅ ጥቁር ፌስታል አስለብሰው በቀትር ፀሐይ ሜዳውን ያዞሯት ነበር። ከዚያ ስትሮጥ ከሩቅ የሚሰማውን የፌስታል ድምፅ ሰምተው የታችኛው ሰፈር ፍየሎች ሁሉ የሚበላ ነገር የመጣላቸው መስሏቸው አጥር ላይ ተሰለፉ። ላብ የቀለጠ ስብ ቢሆን ኖሮ ግን፣ የምግብ ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን እናቶቻችን ላባችንን በጠርሙስ ባጠራቀሙት ነበር። ከወናጎ በሚኒባስ አራት ሆኖ በሦስት ሰው ወንበር ተጣብቆ የሚመጣው ተሳፋሪም መናኸሪያ ሲደርስ አጥንቱ ብቻ በወረደ ነበር። የወጣው ውሃ ነው መምህር። ውሃው ሲጠጣ ኪሎው ይመለሳል።

ሦስተኛ፦ ለዚህም ይሆናል ውሃ የከለከሏት። ይህኛው ግኝትዎ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነክቶታል። «ላብ እያለባችሁ ውሃ ከጠጣችሁ አንደኛ ምች ይመታችኋል፣ ሁለተኛ የቀለጠው ስብ ተመልሶ ይረጋል» አሉን። ይረጋል! እንደ ቅቤ! ይህን የሰማች አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ሆዷን እየነካካች እንደምታረጋግጥ ታላቅ እህቷ ነግራኛለች። ሰው እንደ ቅቤ ቅል ውስጡ የሚረጋ ቢሆን ኖሮ፣ ብርዱ የሚጠነክርበት ቀን የከተማችን ሰው ሁሉ ደንዝዞ መንገድ ላይ በቆመ ነበር።

አራተኛ፦ ስለ ሎሚ። ክቡርነትዎ ለሎሚ ያለዎት ፍቅር አንድ ቀን በመዝሙር ቢወጣ አይገርመኝም። «ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ይቆርጣል» ብለውናል። ትንቢት በትእዛዝዎ ቁርስ ትታ ያንኑ ስትጠጣ ሰነበተች። እኔ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። ሎሚው ስቡን ይቁረጠው አይቁረጠው አላየሁም፤ ጨጓራዋን ግን ሲቆርጠው ሰምቻለሁ፣ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሆዷ ከመምህሩ በላይ ያወራ ነበር። ሎሚ ጥፋት የለበትም። ሎሚ ጥሩ ፍሬ ነው፤ ሰላጣ ላይ ይጨመቃል፣ ዓሣ ላይ ይጨመቃል፣ ቫይታሚንም አለው። ስብ የሚቆርጥ ቢላዋ ግን በውስጡ የለም። ቢኖርማ በግቢያቸው የሎሚ ዛፍ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ንፋስ እንዳይወስዳቸው ከዛፉ ጋር ታስረው በኖሩ ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ ቆጮና ስለ አቮካዶ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንዳመርር ይፈቀድልኝ። እትዬ ጸሐይን ጠርተው «ልጅቷን ቆጮ አታብሏት፣ ቆጮ ወገብ ላይ ይቀመጣል፤ አቮካዶማ ራሱ ስብ ነው፣ ስብ የበላ ስብ ይሆናል» አሏቸው። እትዬ ጸሐይ መምህር ያከብራሉ። እትዬ ጸሐይ የገዛ እህታቸው ልጅ ዓይን እያየ ቆጮውን ወደ ጓዳ አስገብተው ቆለፉ፤ የጓሯቸውን አቮካዶ ለጎረቤት አደሉ። በዚህ ዞን ዕድሜ ልካቸውን ቆጮ በልተው በሰማንያ ዓመታቸው ዳገቱን ያለ ምርኩዝ የሚወጡ ሽማግሌዎች አሉ። እርስዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው መምህራን ክፍል ሲወጡ ግን በመካከል ቆመው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ የሚያጠኑ መስለው እንደሚተነፍሱ ሁላችንም እናውቃለን። ካርታውን በቃልዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። እትዬ ጸሐይ ማለት ደግሞ እኚያው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይና ቦምቦሊኖ የሚሸጡት እትዬ ጸሐይ ናቸው። እርስዎ በየዕለቱ ለእህታቸው ልጅ ምግብ የሚከለክል ምክር ሰጥተው ሲያበቁ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠ ቦምቦሊኖ ስኳር ከበዛበት ሻይ ጋር ያወራርዱ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ጸሐይ በየዋህነት «መምህር፣ እርስዎንስ አያወፍርዎትም?» ብለው ቢጠይቁ፣ «የጾም ነው እኮ፤ የጾም ምግብ መቼ ያወፍራል?» አሏቸው። እኔም ጿሚ ነኝ፤ ጾሙ ከሥጋና ከወተት ይከለክለኛል። ዘይቱ ግን ሆዴ ውስጥ ሲገባ ጾመኛ ነሽ ወይስ አይደለሽም ብሎ አይጠይቅም። ከሚያስፈልገው በላይ የተበላ ነገር፣ ቦምቦሊኖም ይሁን ቆጮ፣ ፍስክም ይሁን ጾም፣ መቀመጫ አያጣም። የእርስዎም አላጣም፤ ከቀበቶዎ በላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

ስድስተኛ፦ እሱን ካነሳን ላይቀር፣ «ቦርጭ የሚጠፋው በሲት አፕ ብቻ ነው» ብለው ስላስተማሩን፣ እና የራስዎ ለምን እንዳልጠፋ ስንጠይቅ «የእኔ ጋዝ ነው» ብለው ስለመለሱልን እናመሰግናለን። የሌላው ስብ፣ የእርስዎ ጋዝ። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ስብ ግን ከሰውነት ሲለቅ ከየት እንደሚጀምር ማንንም አያማክርም። ጋዙን በተመለከተ ግን፣ ያን ያህል ጋዝ በአንድ ሰው ውስጥ ካለ ለከተማው የማገዶ ችግር መፍትሔ ነውና ለሚመለከተው ቢያሳውቁ ጥሩ ነበር።

ሰባተኛ፦ «ሴት ልጅ ብረት ካነሳች ወንድ ትሆናለች፣ ወልዳም አትስም» ብለው ትንቢትን ከብረት ልምምድ አስወጥተው ወደ ሩጫ አዛውረዋታል። የትንቢት እናት በቡና ለቀማ ጊዜ እሸት ቡና በጆንያ ሞልታ፣ በግንባሯ ማንገቻ አድርጋ፣ ከማሳ እስከ አስፋልት ዳገቱን ትወጣለች። ጢም አላወጣችም። ልጆቿንም ስማለች፤ አንዷ ትንቢት ናት።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ላቁም፤ ስለ ሚዛን ልናወራ ስለሆነ ቁጥር የሚታመንበት ጉዳይ አይደለም።

ትምህርት ቤታችን የሰው ሚዛን እንደሌለው የታወቀ ነው። እርስዎም በወሩ መጀመሪያ ቡድኑን ሁሉ አሰልፈው፣ ራስዎንም ጨምረው፣ ከገበያው በታች ወዳለው ወፍጮ ቤት ወሰዱ። ትንቢት በበቆሎ ጆንያዎች መካከል ወጥታ ቆመች፤ እርስዎም መርፌው የሚሄድበትን አይተው «አየሽ! አየሽ አይደል!» ብለው ወፍጮ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኹ። ልጅቷ ዱቄት ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ወረደች። ያ ሚዛን እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው በኪሎ የሚከፍልበት ሚዛን ነው። ከበድ አድርጎ የማየት ልማድ እንዳለው በሰፈሩ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እናቶች እዚያ ሲሄዱ መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ባለቤቱን ነው የሚሳደቡት።

በወሩ መጨረሻ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር እርስዎ ብቻዎን ወደ አጎቴ ወደ ጋሼ አለባቸው መጋዘን ሄዱ። አጎቴ ከገበሬ እሸት ቡና የሚገዛ ሰው ነው። የአጎቴ ሚዛን ደግሞ፣ እንዴት ብዬ በአክብሮት ልግለጸው፣ የገበሬውን ድካም ሲያይ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሚዛን ነው። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው፣ ቀበቶዎን ፈትተው፣ ስልክዎን አጎቴ እጅ ሰጥተው ወጡበት። በማግስቱ በሰልፍ ላይ ማይክራፎኑን ይዘው «ተማሪዎች! በአንድ ወር ስምንት ኪሎ! በሎሚ ብቻ!» አሉ። አጨበጨብንልዎት። አጎቴ ያን ዕለት እራት ላይ ነገሩን ሲሰማ ጉርሻው አንቆት ውሃ አጠጣነው፤ ትንፋሹ ሲመለስ «ሰውዬው እኮ እንደ ቡና ነው የተመዘነው!» አለ።

እኔም ሳይንስ እወዳለሁና በአንድ ከሰዓት ትንቢትን መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ፣ ቀጥሎ አጎቴ ዘንድ አስመዘንኳት። እርስዎ በአንድ ወር ሎሚ የቀነሱትን ያህል እሷ አስፋልቱን ስትሻገር ቀነሰች። ያውም መንገድ ላይ ሙዝ እየበላች። አጎቴ ይህን ሲያነብ ከቤት ያባርረኝ ይሆናል፤ ከተባረርኩ የምገባበት አላጣም፣ እርስዎ ግን ከስምንቱ ኪሎ ጋር ወዴት እንደሚገቡ አስባለሁ።

አሁን ቀልዱ ያልቃል፤ ወደዚያች ቀን እንሂድ።

ባለፈው ሳምንት ነው። ትንቢት ቁርስ አልበላችም፣ ሎሚዋን ጠጥታለች፣ ፌስታሏን ለብሳለች፣ ውሃ ተከልክላለች፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እርስዎ ጥላ ሥር ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ። አንድ ዙር ስትጨርስ እጇን አነሳች፤ እርስዎ «ቀጥይ! አሁን ነው የሚቀልጠው!» አሉ። ቀጠለች። ከዚያ በፊቷ ወደቀች። እኛ ስንሮጥ የእርስዎ የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር? «ሎሚ! ሎሚ አምጡ፣ ታሽትት!» ትንቢት ዓይኗን ገልጣ ሎሚውን ስታይ እንደገና ጨፈነችው። ከቡድኑ ሯጮች አንዷ ሜሪ ናት ፌስታሉን ቀድዳ ውሃ ያፈሰሰችባት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እርስዎም ከፊት ተቀመጡ። ነርሷ «ምን በላች?» አለች። «ምን ጠጣች?» አለች። ሁላችንም እርስዎን አየን። ከዚያ የተቀደደውን ፌስታል ከጀርባዋ ስባ አወጣችና «ይሄን ማነው ያለበሳት? ልጅቷን ቋጥራችሁ ገበያ ልትወስዷት ነበር እንዴ?» አለች። እኔ ያን ጊዜ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ተናገሩም። «ቤተሰቦቿ ቁርስ የሚሰጧት አይመስለኝም» አሉ።

ክቡር መምህር፣ ፌስታሉን ይቅር ልልዎት እችል ነበር። ሎሚውንም፣ የሚረጋውን ስብም ይቅር ልልዎት እችል ነበር፤ ሰው ያላወቀውን አያውቅም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልተውልዎትም። እትዬ ጸሐይ በእርስዎ ቃል ጓዳቸውን የቆለፉ ሴት፣ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሰሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እርስዎ ግን በማግስቱ በሰልፍ ላይ «አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን በርሃብ ይልካሉ» ብለው ሰበኩ፤ ከሰልፉ በኋላ ደግሞ «ጤናዋ አይፈቅድም» ብለው የትንቢትን ስም ሰረዙ። ያ ሁሉ ስብከት ጤና ለማምጣት ነበር፤ ጤናዋን ካጠፉት በኋላ ጤና የላትም ብለው አባረሯት።

በምትኳም ሜሪን መደቡ። ሜሪ ጎበዝ ሯጭ ናት፤ በእርስዎ ዓይን ቀጭን ስለሆነች ለአሎሎም የተፈጠረች ናት። ትናንት ልምምድ ላይ አሎሎውን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ወዴት እንደምታስተኛው ስታፈላልግ አየኋት። ስትወረውረው ያረፈበትን ቦታ ለመለካት ሜትር አላስፈለገም፤ የጫማዋን ጫፍ ስቶ ነው የወደቀው። ራሷ ሜሪ «ናፍቆት፣ በእናትሽ አንድ ነገር አድርጊ፣ እግሬን ሳላጣ» ብላኛለች። ይህ ደብዳቤ በከፊል የሜሪ እግር አቤቱታ ነው።

ትንቢት በበኩሏ ከተኛችበት ተነስታለች። እትዬ ጸሐይ ጓዳውን ከፍተዋል፤ አሁን ልጅቷ ከመብላት ብዛት ሳይሆን አክስቷ እያለቀሱ ስለሚያጎርሷት ነው የምትቸገረው። ማለዳ ማለዳ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ አሎሎ የሚያህል ድንጋይ ትወረውራለች። ድንጋዩ አርፎበት የሰበረው የጎረቤት አጥር ካለ ለጊዜው አናነሳውም።

እንግዲህ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ሐሙስ ማታ ስሟን ወደ ቡድኑ ይመልሱ። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፣ ይቅርታ ከባድ ነው፣ እርስዎም ብረት ማንሳት አይወዱም። እሺ ካላሉ ግን እኛ ተማሪዎችዎ ስለ ጤንነትዎ ከልብ ስለምናስብ ትምህርትዎን በሙሉ በእርስዎ ላይ ሥራ ላይ ለማዋል ተዘጋጅተናል። ከሰኞ ጀምሮ እርስዎ ወደ ሻይ ቤቱ በመጡ ቁጥር እትዬ ጸሐይ ቦምቦሊኖ አያቀርቡልዎትም፤ ሎሚ በሙቅ ውሃ በትልቁ ብርጭቆ ያቀርቡልዎታል፣ ይህን ራሳቸው ናቸው ያሰቡት፣ እኔ ሎሚ በማቅረብ ብቻ ነው የተባበርኩት። ፎቅ ሲወጡ ካርታው ዘንድ የሚጠብቅዎት ተማሪ ይኖራል፤ «መምህር፣ ይህቺ አገር ማን ትባላለች?» እያለ በየዕለቱ ይጠይቅዎታል። በስፖርት ክፍለ ጊዜም አርባ ተማሪ አርባ ፌስታል ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ለእርስዎ። መጠኑን ለመምረጥ ብቻ ወገብዎን እንድንለካ ይፍቀዱልን፤ ሚዛን አንጠቀምም፣ ሚዛን ላይ ያለዎት ዕድል ጥሩ ነው።

በመጨረሻም፣ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዎን ሳይሰስቱ ስላስተማሩን፣ ምቹን፣ ስቡን፣ ጋዙንና ሎሚውን ሳይለዩ ስላካፈሉን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ልጅ በሙሉ ኃይሏ ስትወረውር አይተው «ትንሽ ብትከሳ» ለማለት ስለደፈሩ፣ እግርዎ እንዲጸና፣ ትንፋሽዎ እንዲረዝም፣ ጋዝዎም በሰላም እንዲወጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት እና ከዚያ ካነሰ ትዕግሥት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

አፏ የሚሮጠው ተማሪዎ
ናፍቆት
ዲላ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ዓርብ ነው። መልስዎ ሐሙስ ከሰዓት ደርሶኛል፤ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው «ሥራ ፈት! አንቺም ጓደኛሽም ዘንድሮ ውድድር የምታዩት ከአጥር ውጭ ነው!» ያሉትን ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቶልኛል። ስለ ፈጣን ምላሽዎ እናመሰግናለን። እርስዎ ከሎሚ በቀር ሌላ ነገር የማንበብ ልማድ ስለሌለዎት ሳያውቁት ቀርተው ይሆናል እንጂ፣ የውድድሩ ደንብ አንድ ተማሪ ወላጆቹ ለሚኖሩበት ወረዳም እንዲሰለፍ ይፈቅዳል፤ ምዝገባውም እስከ ዛሬ ቀትር ክፍት ነበር። ትንቢት ዛሬ ማለዳ ከእትዬ ጸሐይ ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ ወናጎ ወርዳ ተመዝግባለች። የወናጎው አሠልጣኝ አንዴ ከእግር እስከ ራሷ አይቷት የጠየቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ቁርስ በልተሻል?» ነገ የምትወረውረው ለእነሱ ነው። ለዲላ ማን እንደሚወረውር አላውቅም፤ ሜሪ ዛሬ ጠዋት እግሯን በሻሽ ጠቅልላ ስታነክስ ታይታለች፣ ትናንት ግን ስትሮጥ ነበር። ነገ በውርወራው ዳኝነት ሜትር ይዘው ሜዳው ውስጥ የሚቆሙት እርስዎ እንደሆኑም ሰምተናል። ስለ ጤንነትዎ ከማሰብ የተነሣ እለምንዎታለሁ፤ አምና ዳኞች የቆሙበት ቦታ ላይ ዘንድሮ አይቁሙ። ራቅ ይበሉ፣ መምህር። ከዚያም ራቅ።